ልጅቱ ለማን ትናገር? በወሎ ትምህርት ቤቶች ጾታዊ ጥቃትን ለመከላከልና ሲደርስ ምላሽ ለመስጠት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከደላንታ፣ ከተንታ ወይም ከለጋምቦ የገጠር ቀበሌዎች ወደ ወረዳ ከተማ በሚወስዱት መንገዶች የተጓዘ ሰው ያውቃቸዋል። የሳምንት ስንቃቸውን አዝለው፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ኪራይ ቤታቸው የሚመለሱ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ልጃገረዶች ናቸው። በቀበሌያቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጓዳ ወጥተው ለብቻቸው ይኖራሉ። በመምህርነት ዘመኔ ከደረሱኝ የጥቃት አቤቱታዎች የሚበዙት ከእነዚህ ልጆች የመጡ ናቸው።

የሥርዓተ ጾታ ክበብ ተጠሪ በሆንኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አንዲት ተማሪ ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ መጣች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አለችኝ። የማርመው ፈተና ነበረኝና «ነገ በእረፍት ሰዓት ነይ» ብያት ሄድኩ። በነገታው አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ ከትምህርት ቤት ቀረች። የደረሰባትን በጓደኛዋ በኩል የሰማሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነበር፤ ጊዜው አልፏል። ልጅቱ ድፍረቷን ሁሉ አሰባስባ የመጣችው ያን ዕለት ብቻ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ አንድ ልጅ አፉን ሲከፍት የሚሰማው ሰው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ወይ?

እርምጃ 1፦ ጥቃቱ የሚደርስበትን ቦታና ሰዓት እወቁ

በመስከረም ትምህርት እንደተጀመረ ሴት ተማሪዎችን ለብቻ፣ ወንዶችን ለብቻ ሰብስቡ። በትልቅ ወረቀት ላይ ትምህርት ቤቱን፣ የሚመጡበትን መንገድ፣ ወንዙን፣ ገበያውን፣ የኪራይ ሰፈሩን ይሳሉ። የሚፈሩበትን ቦታ በቀይ፣ ሰው የማይገኝበትን ሰዓት በቁጥር ምልክት ያድርጉበት። ስም አይጻፍበት። መምህራን ከምንገምተው የተለየ ካርታ ነው የሚወጣው። እኛ ስለ አጥሩ ስናስብ እነርሱ መቀርቀሪያ የሌለውን የመጸዳጃ ቤት በር፣ ከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ሲወጡ የሚጨልመውን የባሕር ዛፍ ደን፣ የጥናት ቤቱን ጀርባ፣ «ለማጠናከሪያ ትምህርት ወደ ቤቴ ነይ» የሚለውን መምህር ይስላሉ። እንደ ባቲ ሰኞ ባሉ ትልልቅ የገበያ ቀናት መንገዱ በማያውቁት ሰው ስለሚሞላ ለዚያ ቀን የተለየ ምልክት ይደረግ።

ካርታውን ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱበት፤ ተማሪዎቹ በሚሄዱበት ሰዓት ማለቴ ነው። የመጸዳጃ ቤት መቀርቀሪያ በዚያው ሳምንት ይገጠም፤ የሚፈጀው ገንዘብ ትንሽ ነው። ከሩቅ የሚመጡት በአቅጣጫ ተከፋፍለው በቡድን እንዲጓዙ አድርጉ፤ በየቡድኑ ከፍ ያለ ክፍል የሚማር አንድ ተማሪ ይኑር።

በኪራይ ቤት ጉዳይ ላይ ግን ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት ያስፈልጋል፤ ትምህርት ቤቶች «ከግቢያችን ውጪ ነው» ብለው የሚተዉት እሱን ነውና። የተከራይ ተማሪዎችን መዝገብ ያዙ፤ ማን ከማን ጋር እንደምትኖር፣ የአከራዩ ማንነት፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ ይመዝገብ። መዝገቡን የሚይዙት በእርምጃ 2 በተማሪዎች የሚመረጡት ተጠሪዎች ብቻ ይሁኑ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ዝርዝር በማይገባው እጅ ከወደቀ ራሱ አደጋ ነው። ቤቱን ጎብኙ። በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል? የአከራዩ ቤተሰብ አለ ወይስ ወንደላጤዎች ብቻ ናቸው? ከዚያ የሰፈሩን ቅሬ አነጋግሩ። በወሎ ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚሰበሰብ ማኅበር አይደለም፤ በየቤቱ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ያውቃል፤ ቃሉም ይከበራል። የቅሬው ሰብሳቢ በስብሰባ ላይ «እነዚህ ተማሪዎች የሁላችን ልጆች ናቸው፤ በራቸውን ያንኳኳ ለእኛ መልስ ይሰጣል» ብሎ ቢናገር ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። አከራይ ኪራይ ሲዘገይ «ሌላ መክፈያ» የሚጠይቅበት አጋጣሚም አለ። ለዚህ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት) በትንሽ መዋጮ የመጠባበቂያ ገንዘብ ቢያስቀምጥ የአንድ ወር ኪራይ የልጅን ሕይወት ያድናል።

እርምጃ 2፦ የሚነገራቸውን ሰዎች ተማሪዎች ይምረጡ

ርዕሰ መምህሩ በደብዳቤ የሚሾመው ተጠሪ ብዙ ጊዜ ሥራ ያልበዛበት ሰው ነው። ተማሪዎች ግን ማንን እንደሚያምኑ ያውቃሉ። በድብቅ ድምፅ አንድ ሴትና አንድ ወንድ ይምረጡ። የጥበቃ ሠራተኛዋን ወይም የጽዳት ሠራተኛዋን ከመረጡም አትገረሙ፤ ተቀበሉ፤ አሠልጥኗት። የተመረጡት ሰዎች ስምና የሚገኙበት ሰዓት በሰልፍ ሰዓትና በሚኒ ሚዲያ በተደጋጋሚ ይነገር።

ለመነጋገሪያ ደግሞ በሩ ከመምህራን ማረፊያ ጋር የማይጋጠም ክፍል ያስፈልጋል። የአስተያየት ሣጥን ካላችሁ ቁልፉ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፣ በየሳምንቱ ይከፈት፣ ከቢሮ መስኮት ፊት ለፊትም አይሰቀል። ልጆች ወረቀት ሲጨምሩ የሚታዩበት ሣጥን ባዶውን ይከርማል።

በዚሁ በመስከረም ሁለታችሁ ተጠሪዎች ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ወረዳው ፖሊስ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ፣ ወደ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በአካል ሂዱ። ቅዳሜ ማታ ተረኛው ማን ነው? መድኃኒቱ በመጋዘን አለ? ሴት መርማሪ አለች? ደሴ ወይም ወልድያ ሆስፒታል መሄድ ቢያስፈልግ መኪና ከየት ይገኛል? ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ ላሉ ወረዳዎች ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የ72 ሰዓቱን ትልቅ ክፍል ሊበላ ይችላል።

እርምጃ 3፦ ለመምህራንና ለሠራተኞች ግልጽ ደንብ አውጡ

ትምህርት ሚኒስቴር በትምህርት ቤት የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትን የሚመለከት የሥነ ምግባር ደንብ አለው። እሱን ወደ ትምህርት ቤታችሁ ቋንቋ አውርዱትና ሁሉም ሠራተኛ ይፈርምበት። ተማሪን ለማንኛውም ጉዳይ ወደ መኖሪያ ቤት መጥራት ክልክል ነው። ውኃ ማስቀዳትም ሆነ ልብስ ማሳጠብ አይፈቀድም። የማጠናከሪያ ትምህርት በትምህርት ቤት ግቢ፣ በር ተከፍቶ፣ ከአንድ በላይ ተማሪ ባለበት ይሰጣል። ውጤት ላይ ቅሬታ ያላት ተማሪ የምታመለክተው ለዩኒት መሪው ስለሆነ፣ ውጤቷን ለማስተካከል ከመምህሩ ጋር ለብቻዋ የምትገናኝበት ምክንያት አይኖርም። «ኤፍ ላስገባሽ ወይስ…» የሚለው ማስፈራሪያ ጉልበት የሚያገኘው የውጤቱ ጌታ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን ነው።

ሕጉም በስብሰባ ላይ ይነበብ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተጠቂዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች ወይም በደፋሪው ቁጥጥር ሥር ባለ የትምህርት ተቋም ውስጥ ያለች ከሆነች ጣሪያው 20 ዓመት ይደርሳል። በአንቀጽ 626 መሠረት ከ13 እስከ 18 ዓመት ካለች ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት መፈጸም፣ ኃይል ባይኖርበትም፣ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ ልጅቱ የራሱ ተማሪ ከሆነች ቅጣቱ ይከብዳል። ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ነው። «ፈቅዳ ነው» የሚል መምህር መከላከያ እንዳለው እንዳይመስለው እነዚህን ቁጥሮች በጆሮው ይስማ።

እርምጃ 4፦ ጥቃቶቹን በስማቸው ጠርታችሁ ለተማሪዎች አስተምሩ

አፍረን በዙሪያው ስንዞር ልጆቹ የደረሰባቸውን የሚጠሩበት ቃል ያጣሉ። መጎንተል፣ ጡት መንካት፣ የብልግና ምስል በስልክ መላክ፣ መንገድ ላይ እጅ መጎተት፣ ውጤትን በገላ መለወጥ፣ መድፈር፤ እያንዳንዱ በስሙ ይጠራ። ወንዶቹን አትዝለሉ። በወንድ ልጅ ላይ የሚፈጸም ጥቃት አለ፤ ወንዶች ከሴቶችም ይበልጥ ይደብቁታል። አካለ መጠን ባልደረሰ ወንድ ላይ ወንድ የሚፈጽመውን ድርጊት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 631 ይቀጣል። ቄሱንና ሼኹን በአንድ መድረክ አስቀምጣችሁ ስለዚህ ጉዳይ እንዲናገሩ መጋበዝ በወሎ የተለመደ ነገር ነው፤ አብረው ሲቀመጡ ተማሪውም ወላጁም ይሰማል።

እርምጃ 5፦ ልጅቱ ስትናገር

ያለውን ሥራ ሁሉ አስቀምጡ። በሩን ዝጉ፤ ከጎኗ ተቀመጡ፤ አትንኳት፣ ሳትጠይቋትም አትቀፏት። የሚባለው ጥቂት ነው፦ «ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አሁን አብረን ወደ ሕክምና እንሄዳለን፤ ብቻሽን አልተውሽም።»

«ለምን አልጮህሽም?»፣ «እዚያ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አይባልም። ብዙ ልጆች በዚያ ሰዓት ሰውነታቸው ይደነዝዛል፤ ድምፃቸው አይወጣም። አለመጮኋ ፈቃደኛ ነበረች ማለት አይደለም። እየሳቀች ብትነግራችሁ ወይም ፊቷ ላይ ምንም ባይታይም አትጠራጠሯት፤ ድንጋጤ መልኩ ብዙ ነው።

«ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ለሐኪምና ለፖሊስ መነገር እንዳለበት፣ ከእነርሱና እሷ ከምትመርጠው ሰው በቀር ግን ለማንም እንደማትነግሩ ንገሯት። የምትጠይቋት አራት ነገር ብቻ ነው፦ መቼ ነው የደረሰብሽ? የሚደማ ወይም የሚያምሽ አለ? ዛሬ ማታ የምታድሪበት ቦታ ደህና ነው? ከቤተሰብሽ ማን ቢያውቅ ትመርጫለሽ? የቀረው የመርማሪው ሥራ ነው። ታሪኩን ለእናንተ፣ ለዩኒት መሪው፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለወተመህ ሰብሳቢው ደጋግማ እንድትናገር ማድረግ ሌላ ቁስል ነው፤ በኋላም የቃላት ልዩነት ተፈልጎ በችሎት ይጠቀስባታል። የነገረቻችሁን በራሷ ቃል፣ ከቀንና ከሰዓት ጋር ጻፉት። ተጠርጣሪውን ጠርቶ ማፋጠጥ ፈጽሞ አይሞከር፤ ማስረጃ ለማጥፋትና ለመሸሽ ጊዜ መስጠት ነው።

እርምጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት

ሕክምናው ይቀድማል፤ ወረቀቱ ይከተላል። «መጀመሪያ የፖሊስ ደብዳቤ አምጡ» የሚል ሠራተኛ ቢያጋጥማችሁ ሕክምናው ይጀመርና ደብዳቤው እንደሚመጣ ተከራከሩ።

ከመሄዷ በፊት ባትታጠብ፣ ልብሷን ባትቀይር ይመረጣል። ቀይራ ከሆነ የወለቀው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ወይም በካኪ ፖስታ ይጠቅለል፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሻል። ታጥባ ከሆነም ትሂድ፤ ሕክምናውም ምርመራውም አሁንም ይጠቅማታል።

የኤችአይቪ መከላከያው በቶሎ፣ ቢዘገይ ከ72 ሰዓት ሳያልፍ ተጀምሮ ለ28 ቀናት ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል፤ በየሰዓቱ ግን ኃይሉ ይቀንሳል። የአባላዘር በሽታ ሕክምና፣ የጉበት በሽታ ቢ እና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስፈላጊነታቸውን ሐኪሙ ያያል። ጥቃቱ ከሳምንት በፊት ቢሆንም እንኳ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አይቀርም፤ እኔ ያቺን ልጅ በአምስተኛው ቀን ስወስዳት ገና ሊሰጣት የሚችል ሕክምና ነበር።

ክኒኑን ለ28 ቀን መዋጥ በኪራይ ቤት ለምትኖር ልጅ ቀላል አይደለም። ያቅለሸልሻል፤ አብራት የምትኖረው ልጅ ታያለች፤ ወሬ ይሆናል። መድኃኒቱን ተጠሪዋ ዘንድ አስቀምጣ በየዕለቱ ምሳ ሰዓት መዋጥ ትችላለች። ቅዳሜና እሑድ ገጠር ስትሄድ የምትይዘው ቀድሞ ይቆጠርላት።

ስለ ድንግልና አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ወላጆች «ድንግልናዋ ይታይልን» ይላሉ፤ የምርመራ ውጤት «አዲስ ጉዳት አልታየም» ሲል ደግሞ ነገሩ ውሸት ነበር ይባላል። የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲቀር ጠይቋል። ጉዳት አለመታየቱ ጥቃት አለመድረሱን አያሳይም፤ ይህን ለወላጅ ከምርመራው በፊት አስረዱ።

እርግዝና ከተከተለ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመደፈር የመጣ ጽንስን በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። በአንቀጽ 552 መሠረት ለማረጋገጫው የእሷ ቃል በቂ ነው፤ የፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። ውሳኔው የእሷ ነው፤ የእናንተ ሥራ መንገዱ ክፍት መሆኑን በጊዜ መንገር ነው።

እርምጃ 7፦ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ሽምግልና

ከልጅቱ ጋር የምታምነው ሰው እስከ ጣቢያው ይሂድ። ሴት መርማሪ ጠይቁ። በገጠር በብዛት የሚያደናቅፈው የዕድሜ ማስረጃ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ልጆች ብዙ ናቸውና። የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና መዝገብ ካለ አሰባስቡ፤ ካልሆነ ሆስፒታል የዕድሜ ግምት ይሰጣል። ተከሳሽ «18 ሞልቷታል» ብሎ ሊያመልጥ ስለሚሞክር ይህ በመጀመሪያው ሳምንት ይሠራ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ጉዳዩ በዝግ ችሎት እንዲታይ ዐቃቤ ሕጉን ጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሽማግሌ ወደ ልጅቱ ቤት ይመጣል። የወሎ ሽማግሌ፣ በአንዳንድ ቦታ አባጋር የሚባለው አስታራቂም፣ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው፤ አከብረዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ይዞት የሚመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ካሣ ወይም «ያግባት»። ልጅቱን ከደፈራት ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖር ጥቃቱን የዕድሜ ልክ ማድረግ ነው። ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ክልክል ነው፤ አንቀጽ 648 እስከ ሦስት ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት እስራት ያስቀጣል። አስገድዶ መድፈር በግል አቤቱታ ብቻ የሚቀርብ ወንጀል ስላልሆነ ቤተሰብ ታርቄያለሁ ቢልም ክሱ አይቋረጥም።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ጥቃት ሳይደርስ፣ በጥቅምት፣ በቅሬው ስብሰባ አግኟቸው። «አባባ፣ በልጅ ገላ ላይ በደረሰ ጥቃት ሽምግልና እንዳይገባ በቅሬው ይወሰንልን» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሠሩት ሥራም ስጧቸው፦ ወንድሟ መሣሪያ ይዞ እንዳይወጣ፣ የበደለኛው ወገን ምስክር እንዳያስፈራራ፣ ቤተሰቡ ከሰፈሩ እንዳይገለል። ይህን ከእነርሱ በላይ የሚችለው የለም። ቡና አፍልተው ዱዓ የሚያደርጉ እናቶችም ይካተቱ፤ ማንም ያልሰማውን ቀድመው የሚሰሙት እነርሱ ናቸው።

እርምጃ 8፦ ተጠርጣሪው ከግቢው ሰው ከሆነ

መምህር ወይም ሠራተኛ ከሆነ ምርመራው እስኪያልቅ ከተማሪዎች ይራቅ፤ እሷ ክፍል እንድትቀይር አይጠየቅ። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ማዛወር ግን በሌላ ቀበሌ ሌላ ልጅ ማስጠቃት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ይህን ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ መምህሩ በመልካም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነበር የሄደው። ተጠርጣሪው ተማሪ ከሆነም ለፖሊስ ይቀርባል። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያሉ ጥፋተኞች በሕጉ የተለየ አያያዝ አላቸው፤ እሱም ልጅ ነውና አይደበደብ፣ በሰልፍ ላይ አይዋረድ።

እርምጃ 9፦ ወደ ክፍል እስክትመለስና ከዚያም በኋላ

የቀረችባቸው ቀናት በ«ፈቃድ» ይመዝገቡ፤ ያመለጣት ፈተና በሌላ ቀን ይሰጣት። ለመምህራኑ «ታማ ነበር» ከማለት ያለፈ አይነገር። የኪራይ ቤቷ የጥቃቱ ቦታ ከሆነ በዚያው ቀን ትልቀቅ። መዝገቧ በስም ሳይሆን በቁጥር ይያዝ፤ በቁልፍ ይቀመጥ።

ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለውን ጊዜ ጠብቁ። ግርግሩ ሲያልፍ፣ ሁሉም ወደ ሥራው ሲመለስ ነው ልጅቱ የምትወድቀው። ምግብ መተው፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ዕቃዋን ለጓደኞቿ ማደል፣ «ባልኖር ይሻላል» የምትል ቃል ብትሰሙ በቀጥታ ጠይቋት፤ ብቻዋን እንዳታድር አድርጉ፤ የአእምሮ ጤና ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዷት። በደቡብ ወሎ ደግሞ ወላጅ ወሬውን ለማምለጥ ልጅቱን በደላላ ዓረብ አገር ለመላክ ሊወስን ይችላል። ፓስፖርት ጉዳይ ስትጀምር ከሰማችሁ ቤታቸው ድረስ ሂዱና አባትና እናቷን አነጋግሩ፤ ትምህርቷን የምትቀጥልበትን መንገድ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ባዶ ምክር አይበቃም።

የኤችአይቪ ምርመራዋ ከስድስት ሳምንትና ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ጥቃቱ በሚያዝያ ከደረሰ የሦስት ወሩ ቀጠሮ የሚውለው በሐምሌ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እሷ አረም ላይ ስትሆን ነው። ስለዚህ በሰኔ ከመለያየታችሁ በፊት ቀኑን ቁጠሩ፤ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚያጅባት፣ የመሳፈሪያው ገንዘብ ከማን እጅ እንደሚገኝ ከእሷ ጋር ወስኑና በሐምሌው ቀን ጠዋት ደውሉላት።